የዱር እንስሳት አሰልጣኝ ለመሆን የት ልማር ለምትሉኝ

ጥያቄው አዘውትሮ ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ናቸው። "የአንበሳ አሰልጣኝ መሆን እፈልጋለሁ፣ ትምህርት ቤቱ የት ነው?" ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ እናት ትደውላለች፤ ልጇ በጤናው መሆኑን ልታጣራ።

አጭሩን መልስ ልስጥና ልገላገል። በዚህ ስም ዲግሪ የሚሰጥ ኮሌጅ እኛ ጋ የለም። ሙያው ግን አለ፤ ከድሬዳዋ ተነስቶም ይደረስበታል። እኔ ድሬ ተወልጄ፣ የእንስሳት ጤና ተምሬ፣ በአንድ የዱር እንስሳት መጠለያ ሠርቼ፣ አሁን ቀን ቀን ፍየልና ውሻ እያከምኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሰው ሲጠራኝ ከዱር እንስሳት ጋር እሠራለሁ። መንገዱን ከተለያየ ቦታ እየለቀምኩ ነው የሠራሁት። የለቀምኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንግባባ። ሰርከስ አይደለም። አንበሳ በእሳት ቀለበት የሚያዘልል ሰው ከሆናችሁ ዛሬ ደህና የሚባል ማዕከል አይቀጥራችሁም። የዛሬ አሰልጣኝ አንበሳው ጎኑን ወደ ሽቦው አስጠግቶ መርፌ እንዲወጋ ያስተምረዋል። አቦ ሸማኔው ራሱ ሚዛን ላይ እንዲወጣ፣ ዝንጀሮው ራሱ ወደ ማጓጓዣ ሳጥኑ እንዲገባ ያለማምዳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ያልሰለጠነ አንበሳ ክትባት ሲፈልግ በማደንዘዣ መተኛት ሊኖርበት ይችላል። ማደንዘዣ አደጋ አለው፤ ብዙ ጊዜም ብሩ የለም። የሰለጠነው ግን ሥጋውን እየላሰ ይከተባል፣ እሱም አይደናገጥ፣ ሐኪሙም አይላበው።

የኛ አካባቢ ልጅ በዚህ ሙያ የሚለከፈው ሐረር ላይ ነው። ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ሲበላ ያላየ የድሬ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ዩሱፍ ሙሜ ሳላህ ለረጅም ዓመታት ሲመግቡ ኖረው ሥራውን ለልጃቸው ለአባስ አስረክበዋል። ትምህርቱ ከአባት ወደ ልጅ የሄደ ነው። ሰርተፊኬት የለውም።

ግን አንድ ነገር እንለይ። እነዚያ ጅቦች አልሰለጠኑም። ነፃ ናቸው። ሲፈልጉ ይመጣሉ፣ ሳይፈልጉ ይቀራሉ። ያ ሰው እንደማይጎዳቸውና ሥጋ እንደያዘ ለምደዋል፤ በቃ። መላመድ ይባላል እንጂ ስልጠና አይባልም። ስልጠና ማለት እንስሳው አንድ የተወሰነ ነገር ሲያደርግ ብቻ የሚፈልገውን ሲያገኝ ነው። እንዲያውም ትርኢቱን ሳይ፣ እዚያ ቦታ ይበልጥ የሰለጠነው ሥጋ የተንጠለጠለበትን እንጨት በጥርሱ ነክሶ የሚንበረከከው ቱሪስት ይመስለኛል።

ቢሆንም ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ ነፃ ትምህርት ቤት የለም። እኔ ደብተር ይዤ እሄድ ነበር። አንዱ መጋቢ ግራ ገብቶት "አቦ፣ ፎቶ የማታነሺ ከሆነ ምን ልትሠሪ መጣሽ?" ብሎኛል። የምጽፈው የጅቦቹን ሁኔታ ነበር። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይገዝፋሉ፤ የመንጋው የበላይም እነሱ ናቸው። ግልገል ደረጃውን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። እንግዲህ እዩ፦ ወደ ሥጋው ቀድማ የምትመጣው የትኛዋ ናት? ማን መንገድ ይለቅላታል? ጭራ ሽቅብ ሲቆምና የአንገት ፀጉር ሲነሳ ቀጥሎ ምን ይመጣል? ሰው "ጅብ ሳቀ" የሚለውን ድምፅ የሚያወጣውስ ማነው? ብዙውን ጊዜ የሚባረረው ወይም የተጨነቀው ነው፣ ደስ ያለው አይደለም። እንዲህ ማየት የለመደ ሰው በኋላ አጥር ፊት ሲቆም የእንስሳውን ልብ ቀድሞ ያነባል። ይሄን ማንም ኮሌጅ አላስተማረኝም።

ሐረር ከሄዳችሁ አይቀር የሥጋ ገበያዎቹን ጭልፊቶችም እዩ። ከሰው እጅ ሥጋ ሞጭልፈው ይሄዳሉ። ሥጋ የያዘ እጃችሁን ከፍ ለማድረግ ትንሽ ከዘገያችሁ አለፈ። የሰዓት ነገር በዚህ ሥራ ምን ያህል እንደሚወስን እዚያ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ቀጣሪ ወረቀት ይፈልጋል።

የማትሪክ ውጤታችሁ የሚያስገባ ከሆነ የእንስሳት ሕክምና አጥኑ። ለኛ ሰፈር ቅርቡ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው። ጎንደርም ቢሾፍቱም አለ። ሐኪም መሆን ግድ ስለሆነ አይደለም። የሀገራችን ማዕከላት ትንንሽ ናቸው፤ አሰልጣኝ ብቻ የሆነ ሰው የመቅጠር አቅም የላቸውም። ቁስል የሚያጥብ፣ ሰገራ የሚመረምር፣ ምግብ የሚመጥን፣ ከዚያ በተረፈው ሰዓት የሚያሰለጥን ሰው ነው የሚፈልጉት። ዱሩ ራሱ የሚስባችሁ ከሆነ ደግሞ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ወንዶ ገነት ላይ የዱር እንስሳት ትምህርት ይሰጣል። እሱ ግን ይበልጥ ወደ ፓርክ ጥበቃና ቱሪዝም ያደላል። ውጤት ካልመጣ በቴክኒክና ሙያ የእንስሳት ጤና ዲፕሎማ አለ። እኔ ያለፍኩት በዚህ ነው፤ ማንም በር ላይ "ዲግሪሽስ?" ብሎ አልመለሰኝም።

ኮሌጁ የማይሰጣችሁን ግን እወቁ። እኔ በተማርኩበት ቦታ የተማርነው እንስሳን መያዝ ነው። በሬ በገመድ እንዴት ይጣላል፣ ክራሽ በሚባለው ከብት አጥብቆ በሚይዝ ጠባብ ጋጣ ውስጥ እንዴት ይገባል፣ ፍየል እንዴት ታቅፎ ይወጋል። ስለ ባሕርይ የተነገረን ጥቂት ነው። ስለ ዱር እንስሳት ደግሞ ከዚያ ያነሰ። አሰልጣኝ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ማንም ሳይዘው በፈቃዱ የሚቆም እንስሳ። ነብር በገመድ አይጣልማ!

ስለዚህ ባሕርዩን ለብቻ ትማራላችሁ። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ኮርሴራ በሚባለው የኢንተርኔት መማሪያ ላይ ስለ እንስሳት ባሕርይና ደህንነት የሚሰጠው ኮርስ ጥሩ መነሻ ነው። እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም። ለምስክር ወረቀቱ የሚከፈለውን ለማይችል ሰው የክፍያ ድጋፍ ማመልከቻ አለ፤ በትዕግስት ሙሉት። ከዚያ የኦፔራንት ኮንዲሽኒንግን ነገር አንብቡ። የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ የስኪነር ሐሳብ ነው፤ ጭብጡ ቀላል ነው። ጥሩ ውጤት ያመጣ ድርጊት ይደገማል። የስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ባልና ሚስቱ ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ ይህንኑ ይዘው ከላቦራቶሪ ወጡና እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንስሳት የሚያሰለጥን ድርጅት አቋቋሙ። በኋላ ከነሱ ጋር የሠራው ቦብ ቤይሊ ሰዎችን ማሰልጠን የሚያስተምረው በምን ነበር መሰላችሁ? በዶሮ።

ዶሮ ድሬ ሞልቷል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ስለሆነ።

አንዲት ዶሮ ያዙ። በጣም አትራብ፣ ግን ከመብላቷ በፊት ይሁን። ማሽላ በኪሳችሁ። አንድ የሚጫን እስክሪብቶ፣ ቀጭ የሚለው። ሱቅ የሚሸጠውን ክሊከር፣ ለስልጠና የተሠራውን ቀጭ የሚል መሣሪያ፣ መፈለግ አያስፈልግም። በመጀመሪያ ቀጭ አድርጉና ወዲያው ማሽላ ስጡ። ቀጭ፣ ማሽላ። ቀጭ፣ ማሽላ። ድምፁን ስትሰማ ዞራ እጃችሁን ከፈለገች ገብቷታል። ድምፁ ለእሷ "ልክ ነሽ፣ ምግብ እየመጣ ነው" ማለት ሆነ። ቀጥሎ ቀይ ቆርኪ መሬት ላይ አስቀምጡ። ስታየው ቀጭ። አንድ እርምጃ ስትጠጋው ቀጭ። ስትነቁረው ቀጭ፣ እና ለዚች አንድ እፍኝ። ከዚያ ሰማያዊ ቆርኪ አጠገቡ ጨምሩ፤ ቀዩን ስትነቁር ብቻ ክፈሉ። ስትሳሳት አትቆጡ፣ እሽ አትበሉ፣ ዝም በሉ። ዝምታው በቂ ነው።

ዶሮ ለምን? ፈጣን ናት። ጭንቅላቷ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ቦታ ይዞራል። እናንተ ትንሽ ከዘገያችሁ ቀጭ የምትሉት ቆርኪውን ስትነቁር ሳይሆን ቀና ስትል ይሆናል፤ ስለዚህ ቀና ማለትን ታስተምሯታላችሁ። ውሻ ይቅር ይላል፣ ሊያስደስታችሁም ይፈልጋል። ዶሮ ግድ የላትም። በስህተት የከፈላችሁበትን ነገር በትክክል ትሠራላችኋለች። ሙቀቱንም አስቡ፤ ድሬ በቀትር ዶሮ አፏን ከፍታ ታለከልካለች እንጂ አትማርም። ጠዋት ማለዳ ወይ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። ሳትጠግብ አቁሙ። ጎረቤት መሳቁ አይቀርም። የኛ ግቢ ሰው "ማትሪክ ልታስፈትኛት ነው?" እያለ ፈጀኝ። በስልክ ቅረጹት፤ ቪዲዮው በኋላ ሥራ ስትጠይቁ ያስፈልጋችኋል።

ከዶሮ ቀጥሎ ፍየል። ሚዛን ላይ መውጣት፣ እግር መስጠት፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ መነካትን መልመድ። ከዚያ ግመል አርቢዎች አጠገብ ቁሙ። ባቢሌ ገበያ ላይ ግመል ሲሸጥ ያደጉ ሰዎች ስለ ግመል አንገትና አፍ የሚያውቁት በመጽሐፍ አይገኝም። ወንድ ግመል በመራቢያ ወቅት ከአፉ ጎን ቀይ ፊኛ የመሰለ ነገር ሲያወጣ፣ አረፋ ሲደፍቅ እና ጥርሱን ሲያፋጭ ራቁ። ላንቃው ነው ያበጠው፤ ቀልድ አያውቅም።

አሁን የዱር እንስሳ። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይሳሳታል ብዬ አስባለሁ። ምሥራቁ ሀገራችን የአቦ ሸማኔ ግልገል ወደ ባሕረ ሰላጤ ሀገራት የሚወጣበት መስመር ነው። ከእናታቸው ተነጥቀው በሶማሌላንድ በኩል ይሻገራሉ፤ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ለእኔም ተደውሎልኛል። "ግልገል አለ፣ ግዢና አሰልጥኚው" ተብያለሁ። አትግዙ። "ላድነው ብዬ ነው" ብላችሁም አትግዙ። እናንተ በከፈላችሁት ብር ነጋዴው የሚቀጥለውን ግልገል ይይዛል። ሕጉም ግልጽ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ያለ ፈቃድ መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል። አቦ ሸማኔ ደግሞ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 በገባችበት የሳይተስ ስምምነት፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ውል፣ አንደኛው ዝርዝር ላይ ነው ያለው፤ ጥብቁ ማለት ነው። ካያችሁ ለፖሊስ ወይ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ተናገሩ። በቤት ያሳደጉት ግልገል ማንንም አሰልጣኝ አያደርግም። ያ ግልገል ያድግና ከሰው ውጭ የማያውቅ፣ ሰውንም የማይፈራ እንስሳ ይሆናል፤ እሱን የመሰለ አደገኛ የለም።

በሕጋዊ መንገድ ከዱር እንስሳ ጋር የሚገናኙት በመጠለያ ማዕከል ነው። ቦርን ፍሪ የተባለው የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ማዕከል፣ እንስሳ ኮቴ የሚባለው፣ ሆለታ አካባቢ አለ፤ የተወረሱ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች የሚጠለሉበት። ድንበር ማዶ ሶማሌላንድ ውስጥም የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የተያዙ ግልገሎችን ያሳድጋል። የት እንደሠራሁ እዚህ አልጠቅስም፤ ሥራው ግን የትም አንድ ነው። መጀመሪያ መጥረጊያ ይሰጣችኋል። ሥጋ ትቆርጣላችሁ፣ ገንዳ ታጥባላችሁ፣ ሽቦ ትጠግናላችሁ። ስልጠና የሚባል ነገር ለወራት አታዩም። እኔን ያሰለቸኝ ይሄ ሳይሆን ቁልፉ ነበር። እንስሳው ወደ ሌላኛው ክፍል ሲገባ መዝጋት፣ መቆለፍ፣ ቁልፉን መጎተት፣ እንስሳውን በዓይን መቁጠር፣ ከዚያ ብቻ መግባት። በየቀኑ፣ በየበሩ። ይሄን ጠልቶ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ፣ ደግ አደረገ።

ስልጠናው ሲጀምር ዶሮዋን ታስታውሷታላችሁ። ልዩነቱ መካከላችሁ ሽቦ መኖሩ ነው። በትር ጫፍ ላይ ኳስ ይታሰራል፣ አንበሳው በአፍንጫው ሲነካው ፊሽካ ይነፋል፣ በረጅም መቆንጠጫ ሥጋ ይሰጣል። ኳሱ ወደ ሄደበት ይሄዳል። እንዲህ እያለ ወደ ሽቦው ይጠጋል፣ ጎኑን ይሰጣል። እጅ ወደ ውስጥ አይገባም። "ያውቀኛል እኮ" የሚባል ነገር የለም።

ውጭ ሀገርስ? ይሄም ይጠየቃል። በዓለም ላይ በስሙ የታወቀው ትምህርት በካሊፎርኒያ የሞርፓርክ ኮሌጅ የእንስሳት ስልጠናና አያያዝ ፕሮግራም ነው። ተማሪዎቹ ግቢ ውስጥ ያለውን መካነ እንስሳት ራሳቸው ያስተዳድራሉ። ፍሎሪዳ ሳንታ ፌ ኮሌጅም ተመሳሳይ መካነ እንስሳት አለው። ደህና ቦታዎች ናቸው። ግን የውጭ ተማሪ የሚከፍለው ከአካባቢው ልጅ ብዙ እጥፍ ነው። ቤት ሸጣችሁ አትሂዱ፤ ተመርቆ የሚወጣው የሚያገኘው ደሞዝ ቤቱን አይመልስም።

እኔ ለኛ ልጅ የምመክረው ታንዛኒያን ነው። ኪሊማንጃሮ ሥር ያለው የምዌካ የዱር እንስሳት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመ ሲሆን ለአፍሪካውያን የተሠራ ነው። ስልጠና ሳይሆን የዱር እንስሳት አስተዳደር ነው የሚያስተምረው፤ ሆኖም በር ይከፍታል። እዚያው ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ላይ ደግሞ አፖፖ የሚባል ድርጅት አለ። ትልልቅ የአፍሪካ አይጦችን ፈንጂና የቲቢ በሽታ እንዲያሸቱ ያሰለጥናል። ክሊክ፣ ሙዝ። ክሊክ፣ ሙዝ። ያው የእኛ ዶሮ! አንዷን አይጥ ለፈንጂ ለማብቃት ዘጠኝ ወር ገደማ ይፈጃል። አሰልጣኞቹ በአብዛኛው የሀገሩ ልጆች ናቸው። ቲቢ የሚያሸቱት አይጦች አዲስ አበባም ከአርመር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር ሠርተዋል። አንበሳ ብቻ እያለ የሚያልም ልጅ አይጥ ሲባል ፊቱን ያጨፈግጋል። በሳይንስ የሚሠራ፣ ደሞዝ ያለው፣ አፍሪካ ውስጥ የሚገኝ የእንስሳት ስልጠና ሥራ ፈልጉ ብባል ግን መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው፣ ደቡብ አፍሪካ ሄዳችሁ ከፍላችሁ ደቦል አንበሳ እያቀፋችሁ "በጎ ፈቃድ" የምትሠሩበት ፕሮግራም ነው። ደቦሎቹ ቶሎ ከእናት ይነጠላሉ፤ ሲያድጉ አጥር ውስጥ ተኩሶ ለሚገድላቸው ሰው የሚሸጡ አሉ። የሀገሪቱ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 የአንበሳ እርባታውን ለማስቆም ወስኛለሁ ብሏል። ሌላው፣ "ዱባይ የነብር አሰልጣኝ ይፈለጋል" የሚል ደላላ ነው። ማን ያሰለጥናችኋል፣ ሐኪሙ ማነው፣ ከእንስሳው ጋር በሽቦ ነው ወይስ ያለ ሽቦ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ሲያጣ ስልኩን ዝጉ።

ከመጀመራችሁ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለተጋላጭ ሰው የሚመክረው ቅድመ ክትባት ሁለት መርፌ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በሰባተኛው ቀን። ቴታነስም። ብትነከሱ ወይ ብትጫሩ፣ ክትባት ብትወስዱም፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጅብም ይሁን የሰፈር ውሻ አንድ ነው። እንደውም ከጅቡ ይልቅ የሚያሰጋው የሰፈሩ ውሻ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሻችሁም። ትንሽ ነው። እኔን የሚያበላኝ የፍየል ክትባት ነው። ስለዚህ ነው የጤናውን ዲፕሎማ አትዝለሉ የምለው።

ለማዕከል ስትጽፉ "ከልጅነቴ ጀምሮ እንስሳ እወዳለሁ" አትበሉ፤ ሁሉም እንደዚያ ይላል። የዶሮዋን ቪዲዮ ላኩ። ምን እንዳስተማራችኋት፣ የት እንደተሳሳተች፣ እናንተ ምን እንደቀየራችሁ በአጭሩ ጻፉ። ስለ ጅቦቹ የጻፋችሁትን ደብተር ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ። ሲጠሯችሁም ስለ አንበሳ የሚጠይቋችሁ አይምሰላችሁ። እኔን መጀመሪያ የጠየቁኝ "በበዓል ቀን ትሠሪያለሽ?" ብለው ነው። ቀጥሎ "የአህያ ሥጋ ትቆርጫለሽ?" የሁለቱንም መልስ ቤት አስባችሁ ሂዱ።